ለእትዬ የሺ ያልተረጎምኩት ግማሽ

ይህን ነገር ለማንም ሳልተነፍስ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። አብሬው ለኖርኩት ሰውም አልነገርኩትም፤ ስንለያይ እንኳ ያንን ይዤ ወጣሁ። ለነፍስ አባቴ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ "በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን" ብዬ አልፈዋለሁ። ባለማወቅ አልነበረም። እያወቅሁ ነው። እናንተ የምታነቡኝ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቻልኩት። ፊታችሁን አላየውም። ፊት አይቼ ቢሆን ኖሮ እንደገና እዋሽ ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።

በመድረክ ስሙ የምታውቁት ትኖራላችሁ። ልጆች ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ ያውቁታል። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። እኔ የማውቀው በቤት ስሙ ነው፤ ያፌት።

ያፌት እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው የተወለደው። አባቱ እሱ ገና ሳይድህ ወደ ሌላ ስቴት ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ያሳደጉት እናቱ እትዬ የሺ ናቸው። እኔና እናቴ በዲቪ መጥተን ዌስት አዳምስ ሰፈር ቤት ስንከራይ እነሱ ከታች፣ እኛ ከላይ ሆንን። እኔና ያፌት ሁለታችንም የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። እትዬ የሺ ራቅ ብላ ባለችው ፓሳዴና ከተማ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ይንከባከቡ ነበር፤ ሥራው እዚያው ማደርን ይጠይቃል፤ ቤታቸው የሚመጡት ሰንበትን ለመዋል ነው። እናቴና እሳቸው ተስማሙ። በሳምንቱ ውስጥ ያፌት የሚበላው እኛ ቤት፣ የሚተኛው እኛ ሶፋ ላይ ሆነ። እናቴ ስትቆጣን አንድ ላይ ነው የምትቆጣን፤ ስትገርፈንም እንደዚያው።

እኔ አማርኛዬን ይዤ ነው የመጣሁት፤ እንግሊዝኛውንም ልጅ ስለነበርኩ ቶሎ ያዝኩት። እሱ አማርኛ ይሰማል እንጂ ሲናገር ይሰባብረዋል። ስለዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ሲደወል እኔ። ሐኪም ቤት ሲኬድ እኔ። እናትና ልጅ የልባቸውን ሲነጋገሩም እኔ። እትዬ የሺ የሚያውቁት እንግሊዝኛ የመድኃኒትና የገላ ማጠቢያ እንግሊዝኛ ነበር፤ ልጃቸው ደግሞ በሚናገረው ላይ ፍጥነት ጨመረበት፤ ራፕ ጀመረ።

እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ? የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በሞሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ጋሼ ተፈራ የሚባሉ ሰው በርበሬና ሽሮ፣ ሲዲና ነጠላ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። እኔ ከትምህርት በኋላ እዚያ እሠራ ነበር። ከሱቁ ጀርባ የመኪና ማቆሚያ አለ። ያፌት እኔን እየጠበቀ እዚያ ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ በእጁ ጭኑን እየመታ፣ ለብቻው ይለፈልፋል። ጋሼ ተፈራ በጓሮ በር ብቅ ብለው ሰሙትና ወደኔ ዞሩ።

"ሜሮን፣ ይሄ ልጅ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?"

"ራፕ ነው ጋሼ።"

"ራፕ መሆኑንማ አውቃለሁ። ማን ነው ያስቀየመው ነው ያልኩት።"

ስቄ ለያፌት ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለኝ በእንግሊዝኛ፤ ከዚያ በኋላ የጻፋቸውን ሁሉ ሲያሰማኝ "ማን ነው ያስቀየመኝ?" እያለ ራሱን ይጠይቅ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች የቀዳነው እነሱ ቤት፣ የልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የእትዬ የሺ ካፖርቶችና ቀሚሶች ድምፁን ይውጡታል፤ ማይኩን እኔ እይዛለሁ። እሱ ራፕ ያደርጋል፤ አዝማቹን በአማርኛ የማዜመው እኔ ነኝ። በዚያ ጠባብ ቦታ ትከሻችን ይነካካል። ትንፋሹን በጆሮዬ እሰማዋለሁ። እወደው ነበር። ይኸው፣ ይህንንም ያኔ አልተናገርኩትም። የወንድሜን ያህል አብሮኝ ያደገ ልጅ ስለሆነ አፈርኩ፤ እሱም ያኔ ያወቀ አይመስለኝም። እያደግን ስንሄድ የፌርፋክስ ልጆች በየድግሳቸው ይጠሩት ጀመር፤ ምግብ ቤቶቹ ፊት ቪዲዮ ቀረጸ፤ አዛውንቶቹ ሱሪውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጆቻቸው ግን በስልክ ተቀባበሉት። እኔ ከካሜራው ጀርባ ቆሜ መኪኖቹን "እባካችሁ አንዴ" እያልኩ አስቆማለሁ። ደስተኛ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አትላንታ ያለ አንድ ሰው ሰማው። ና አለው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደኔ የሚመጣው። ያፌት ለመሄድ ሲዘጋጅ አዲስ ዘፈን ጨረሰ። መኪናዬ ውስጥ ገብቶ አሰማኝ። ስለ እናቱ ነው። አዝማቹን እኔ እንደማዜመው ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ ሲከፍተው ግን የማላውቃት የሌላ ሴት ድምፅ ነው።

"ፕሮዲውሰሩ ነው ሜሪ" አለኝ፤ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። "እነሱ ናቸው ቼንጅ ያደረጉት። ሶ… አታዝኚብኝ፣ ኦኬ?"

"ኦኬ" አልኩ።

"አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። እማ እንድትሰማው እፈልጋለሁ። ሳልሄድ። ትራንስሌት አድርጊላት። ሁሉንም። እኔ እዚያ ከሆንኩ አልችልም፤ አለቅሳለሁ።"

"ሁሉንም" አለኝ። ይህን ቃል በደንብ ያዙልኝ፤ እኔ በደንብ ሰምቼዋለሁና።

እትዬ የሺ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ፌርፋክስ መጡ። መኪናዬን ከሱቁ ፊት ፓርክ አድርጌ ጠበቅኋቸው። ነጠላቸውን እንደለበሱ ከጎኔ ተቀመጡ። በጣም ይሞቅ ነበር፤ መስኮቱን ግን ዘጋሁት፤ የመንገዱ ድምፅ እንዳይገባ። ስልኬን ከመኪናው ጋር አገናኘሁ።

"ስለ እኔ ነው አሉ" አሉኝ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ። "ልጄ ስለ እኔ ዘፈነ። እስኪ አሰሚኝ፤ ደግሞ ቀስ እያልሽ።"

ዘፈኑ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው የሚናገረው ልጅየው ነው፤ የተቆጣው ልጅ። እያቆምኩ፣ መስመር በመስመር ተረጎምኩላቸው። ደህና አድርጌ ነው የተረጎምኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም። እንዲህ ይላል፦

እናቴ የሰው እናት ታጥባለች፤ የሰው አልጋ ታነጥፋለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ምግቡ ቀዝቃዛ ነው። እንዴት ዋልክ የሚለኝ ግድግዳው ነው። ሰንበት ስትመጣ ደክሟት፣ በእኔ ስም ፈንታ በአሮጊቷ ስም ጠራችኝ። አቤት አልኳት። ምን ልበላት?

እትዬ የሺ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። "ጠርቼዋለሁ" አሉ በቀስታ። "አንድ ቀን ጠርቼዋለሁ። እኔ የረሳው መስሎኝ…" ከዚያ አለቀሱ። ድምፅ የለውም ልቅሷቸው። ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ሁለተኛው ክፍል ሊጀምር ነበር። ጣቴ ስልኩ ላይ ነው። ሁለተኛው ክፍል ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ከያፌት ጋር ሰምቼው አልቅሼበታለሁ። የሚናገረው አሁን ያደገው ሰው ነው። እንዲህ ነው የሚለው፦

አሁን ገባኝ እማ። አንቺ ያልነበርሽበት ሰዓት ሁሉ ለእኔ የደከምሽበት ሰዓት ነው። የበላሁት እሱን ነው። የለበስኩት እሱን ነው። ይሄን አፍ የፈታሁት በእሱ ነው። አሁን በሩን ክፈቺልኝ፤ መጣሁ። ጫማሽን ላውልቅልሽ፤ እግርሽን ልጠብሽ፤ አልጋሽን ላንጥፍልሽ። ተኚ እማ። የማንንም ስም አትጥሪ። አቤት እላለሁ።

ይህ ነው ያልተረጎምኩት።

እትዬ የሺ ዓይናቸውን ጠርገው ወደኔ ዞሩ። "ሌላስ ምን ይላል?" አሉኝ።

ሌላስ ምን ይላል። ጠየቁኝ እኮ። ሳይጠይቁኝ ቀርተው ቢሆን ኖሮ "አቋርጠውኝ ነው" እል ነበር። ጠየቁኝ። እኔም፣ "ያው ነው እትዬ የሺ" አልኳቸው። "እየደጋገመ ነው።"

ያው ነው አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልመከረኝም። ለምን? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ! ድምፄን ከዘፈኑ ስላወጡት ተናድጄ ነው? አዎ። "ቤቱ ባዶ ነው" ሲል እኔ የት ነበርኩ ብዬ ነው? የእናቴ ሶፋ፣ የእናቴ ምግብ፣ በአንድ ላይ የተቆጣችን ቁጣ፣ ያ ሁሉ የት ሄደ ብዬ ነው? አዎ፣ እሱም አለበት። ግን ከሁሉም በታች ያለው ሌላ ነው። እንዳይሄድብኝ ነው። ይቀየሙታል፣ ይደውሉለታል፣ እሱም ከእናቱ ጋር እስኪታረቅ ጉዞውን ይተዋል፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ግድግዳ፣ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመለስልኛል ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነት ስሌት ሰው ያሰላል? እኔ አሰላሁ። በዚያች በሞቀች መኪና ውስጥ፣ አንዲት እናት ከጎኔ እያለቀሰች፣ አሰላሁ።

"አጥፊው በቃ" አሉኝ። በሩን ከፍተው ከመውረዳቸው በፊት እጄን ያዙኝ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ። አንቺ ባትኖሪ ማን ይነግረኝ ነበር?"

ያን ቀን ማታውኑ ያፌት ሥራ ቦታቸው ደወለላቸው። እሱ በኋላ እንደነገረኝ ንግግራቸው እንዲህ ነበር። "እማ፣ ሰማሽው?" "ሰማሁት።" "እና?" "ሰማሁት አልኩህ። ሂድ፤ እግዚአብሔር ይከተልህ።" ዘጉት። እሳቸው አፍረው ነው። ልጄን በድዬዋለሁ፣ አሁን ምን ፊት አለኝ ብለው ነው። እሱ ግን እግሯን ሊያጥብ በሩን አንኳክቶ በሩ የተዘጋበት መሰለው። አየር ማረፊያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆይቶ፣

"ሁሉንም ነገርሻት አይደል?" አለኝ።

"ነገርኳት።"

"ከዚህ በላይ ምን ልበላት ሜሪ? ያለኝን ሁሉ ነው እዚያ ላይ ያልኩት።"

መኪናውን ማዞር እችል ነበር። መውጫ መንገዶቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ አያቸው ነበር። ሻንጣውን አወረድኩለት፤ አቀፈኝ፤ ሄደ።

ስሌቴ ከሸፈ ማለት ነው። እሱም ሄደብኝ፤ እናቱንም አጣ።

ያ ዘፈን ነው ሰው ያደረገው። ከሁሉም ሥራዎቹ የታወቀው እሱ ነው። በየከተማው ሲጫወት ሕዝቡ ሁለተኛውን ክፍል አብሮት ይለዋል፤ "አቤት እላለሁ" የሚለው ላይ ሲደርስ ሺህ ሰው ይጮኻል። በቪዲዮ አየሁት። የሰው ሁሉ እናት ሰማችው፤ የራሱ እናት አልሰማችውም። በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂዋ "እናትህ ሲሰሙት ምን አሉ?" አለችው። ሳቀና "ቀጣይ ጥያቄ" አለ። ያንን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ሳቁን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን እናቴ ስትገርፈው አላመመኝም ለማለት የሚስቀው ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ሥራ አልወጣለትም። አልበም አወጣ፤ ሰው ብዙም አልተቀበለው። መጠጥ አበዛ ተባለ። አንድ መድረክ ላይ ያንን ዘፈን እንዲጫወት ሲጮኹበት ማይኩን ጥሎ ወርዷል አሉ። የፌርፋክስ ሰው "ጥጋብ ነው" አለ። እኔ ግን ጥጋብ እንዳልነበር አውቃለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።

እትዬ የሺስ? የፓሳዴናውን ሥራ ተዉት። ቤቱ ባዶ ነበር ብሏላ! ዌስት አዳምስ አጠገብ የቀን ሥራ ፈልገው ያዙ፤ ከሥራ መልስ ወጥ ሠርተው፣ መብራት አብርተው ይቀመጣሉ። ሶፋው ላይ ትራስና ብርድ ልብስ አጥፈው ያስቀምጣሉ። ልጅ የሌለበትን ቤት ሞሉት። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣

"ሜሮንዬ፣ ስትደዋወሉ፣ እናትህ አሁን ቤት አለች በይው" አሉኝ። "ሥራ እንደቀየርኩ ንገሪው። ሌላ አትጨምሪ። ቤት አለች ብቻ በይው።"

አልነገርኩትም። ብነግረው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ከጠየቀ ደግሞ እውነቱ ይወጣል። እና ዋጥኩት። በበዓል ይደውልላቸዋል፤ እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ። ዘፈኑ በየቦታው ሲከፈት እሳቸው ይነሱና ይወጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ልጆች "እትዬ የሺ፣ የርስዎ ዘፈን እኮ ያስለቅሰናል" ሲሏቸው፣ ልጆቹ ያዘኑላቸው ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልነግራቸው ወስኜ ስልኬን ይዤ ወረድኩ። "እትዬ የሺ፣ ያ ዘፈን…" ከማለቴ እጃቸውን አነሱ። "በእመቤታችን ሜሮን፣ እሱን አታሰሚኝ። ቻልኩት ብዬ ነበር፤ አልቻልኩትም።" መግፋት ነበረብኝ። እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? እፎይ አልኩ። ደረጃውን ስወጣ እፎይ ማለቴን እስከ ሞቴ አልረሳውም።

ከዚያ ትምህርቴን ጨርሼ ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። አትሳቁብኝ። ሐኪም የሚለውን ሁሉ ለታማሚው፣ ታማሚው የሚለውን ሁሉ ለሐኪም። መጥፎ ዜና ሲሆን ዘመዶች በምልክት "ይሄን አትንገሪያቸው" ይሉኛል። እኔ ሁሉንም እናገራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ጠንቃቃ ናት ይሉኛል።

እትዬ የሺ ልባቸው ታመመ። እኔ ወደምሠራበት አልመጡም፤ ሌላ ሆስፒታል ነው የገቡት። ያፌት ተደውሎለት ስልኩን ሲያነሳ ከሎስ አንጀለስ ርቆ መድረክ ላይ ሊወጣ ነበር። ትቶት መጣ። አልደረሰም። እኔ እጃቸውን ይዤ ነበር። መናገር አቅቷቸው ነበር፤ ይሰሙ ግን ነበር። አሁን እነግራቸዋለሁ ብዬ ጎንበስ ስል ነርሷ ገባች፤ እናቴ ገባች፤ ቄሱ መጡ። ምክንያት አያልቅብኝም። አረፉ።

ለቅሶው ከቀለለ በኋላ ያፌት ከአፓርታማው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከስቷል። ጢሙ ውስጥ ሽበት አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት ናፍቄው፣ ትከሻው ትከሻዬን ሲነካኝ፣ በዚያ ቀን እንኳ፣ እናቱ በተቀበሩበት ሰሞን እንኳ፣ ልቤ ዘለለ። ይህንንም ጻፉብኝ።

"ሜሪ፣ ትሩዝ ንገሪኝ" አለኝ። "ያንን ዘፈን ስትነግሪያት ምን ሆነች?"

"አለቀሰች" አልኩት። እውነት ነው። አለቀሱ።

ፊቱን ወደኔ አዞረ። "አለቀሰች?"

"በጣም።"

ያኔ የሆነ ነገር ከትከሻው ላይ ሲወርድ አየሁ። "ሶ ገብቷታል" አለ። "ገብቷት ነበር ማለት ነው። እንዴት እንደምትለው ስላላወቀች ነው ዝም ያለችኝ።" ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ፀጉሩን እየዳበስኩ ዝም አልኩ። ግማሹን ተናግሬ እንደገና ዝም አልኩ! እናቱን ባጠፋሁበት መንገድ እሱን አጽናናሁት። ሰው ይህን ያህል ይደፍራል?

ያፌት ወደ አትላንታ አልተመለሰም፤ እዚሁ ቀረ። መጠጡን ተወ። ቫን ናይስ ሰፈር ያለ አንድ ጓደኛው ጋራዡን ስቱዲዮ አድርጎት ስለነበር እዚያ እየዋለ መጻፍ ጀመረ። ዕለት በዕለት ሲድን አየሁት። ከዚያ ደወለልኝ። "አዲስ አለ። አዝማቹን አንቺ ነሽ የምታዜሚው። ሌላ ማንም አይነካውም" አለኝ።

ይህን ቃል ለመስማት ምን ያህል እንደጠበቅሁ ታውቃላችሁ? ከሥራ በቀጥታ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። ፍሪዌዩ በመኪና ተጨናንቆ ነበር፤ እኔ መኪናው ውስጥ እየዘፈንኩ ነው። ማይኩ ፊት አቆመኝ፤ ማዳመጫውን በራሱ እጅ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ዘፈኑን ከፈተው።

ስለ እናቱ ነው። እናቴ ሰማችኝ ይላል። ሁሉንም ሰማችና አለቀሰች፤ በሩ ተከፍቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልገፋሁት ይላል። አማርኛው አዝማች አጭር ነው፦ "ሰምታኛለች፣ እናቴ ሰምታኛለች።" እሱን ነው እኔ የማዜመው።

ሙዚቃው መጣ። አፌን ከፈትኩ። አልወጣም።

"እንደገና" አለ ያፌት፤ ፈገግ ብሎ። "ሪላክስ አድርጊ።"

እንደገና መጣ። ማዳመጫውን አወለቅሁ።

"ያፌት፣ አልሰማችህም" አልኩት። "ግማሹን ነው የነገርኳት። የመጀመሪያውን። ሌላስ ምን ይላል አለችኝ፤ ያው ነው አልኳት።"

ሙዚቃውን አላጠፋውም። እየተጫወተ ቆሞ አየኝ። ከዚያ እያንዳንዱን ነገር ነገርኩት፤ ስለ መኪናው፣ ስለ አየር ማረፊያው፣ ስለ ሶፋውና ብርድ ልብሱ፣ ቤት አለች በይው ስላሉኝ። እወድህ ነበርም አልኩት። ምክንያት ላደርገው ሳይሆን ምንም እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። ዘፈኑም አልቆ በራሱ ቆመ።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"የት ላይ ነው ያለቀሰችው?" አለኝ።

"ቤቱ ባዶ ነው ያልክበት ላይ። የአሮጊቷን ስም ያልክበትም ላይ።"

"ስሙ እውነት ነው" አለ። "ቤቱ ግን…" ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ቤቱ ባዶ አልነበረም አለኝ። "እናንተ ቤት ነበርኩ። ምግቡም ቀዝቃዛ አልነበረም፤ እናትሽ ሳታሞቅ አትሰጠኝም ነበር። እንደዚያ ያልኩት ለዘፈኑ ስለሚያምር ነው። የሚያምር መስሎኝ ነው። ሶ፣ በሌለ ነገር ነው ያለቀሰችው። በእኔ ውሸት" አለ።

ከዚያ በሩን ከፈተልኝ። "አሁን ሂጂ" አለ። "እኔ እስክደውል አትደውይ።"

አልደወለም። በጽሑፍ ይቅርታ ለምኜዋለሁ፤ መልስ የለውም፤ መልስ እንዲሰጠኝም አልጻፍኩም። ዘፈኑን ሳያወጣው እንደቀረ ሰምቻለሁ። እንደገና ይጠጣ እንደሆነ፣ ይተኛ እንደሆነ አላውቅም፤ ባልነግረው ይሻለው ነበር ወይ ብዬ ሥራ መሃል ቆሜ የማስብበት ቀን አለ። ይናፍቀኛል። እትዬ የሺም ይናፍቁኛል። ይህን ለማለት መብት ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም፤ ግን ይናፍቁኛል።

ያ "በእኔ ውሸት" ያለው ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። በዚያች ሰዓት እንኳ ከጥፋቴ ላይ ግማሹን ሊያነሳልኝ ሞክሮ ነው። እናንተም የምታነቡኝ፣ ሩኅሩኆች ከሆናችሁ፣ "እሱም እኮ ዋሽቷል፣ አንቺም ልጅ ነበርሽ፣ ወደሽው ነው" ትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ። የሱ ውሸት መድኃኒቱን ይዞ ነበር የመጣው፤ ሁለተኛውን ክፍል ይዞ። እትዬ የሺ እንባቸውን ጠርገው "ሌላስ ምን ይላል?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ ልጃቸው ዘፈኑን ጨርሶት ነበር። ያልጨረስኩት እኔ ነኝ።